ያቺ መብራት የማን ናት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አንባቢዎች። ለአዲሶቻችሁ ራሴን ላስተዋውቅ። 26 ዓመት በአዲስ አበባ በፖሊስነት አገልግዬ፣ በኢንስፔክተርነት ማዕረግ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የመጨረሻዎቹን 11 ዓመታት የሠራሁት ማኅበረሰብ አቀፍ ወንጀል መከላከል ላይ ነው፤ ሰዉ «ኮሚኒቲ ፖሊስ» የሚለው ማለት ነው። አሁን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ከዚህ ወር ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ። በየሄድኩበት ሰፈር የሚገጥመኝ ጥያቄ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ትልቋ ልጄ ልብስ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከታክሲ የምትወርደው ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ከታክሲ ተራው እስከ ብሎካችን ያለው መንገድ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ባንድ በኩል ተጀምሮ የቆመ ሕንፃ በቆርቆሮ ታጥሯል። በሌላው በኩል ክፍት ቦይ አለ። በሁለት ወር ውስጥ ከእኛ ብሎክ ብቻ 4 ሰው ስልኩን ተነጠቀ። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ገፍትረው ጥለዋት ነው የሮጡት። ለፖሊስ ስናገር «መብራት እንዲገባ ወረዳውን ጠይቁ» ተባልኩ። ወረዳ ስሄድ ወደ መብራት ኃይል ላኩኝ። እዚያ ስደርስ «የመንገድ መብራት እኛን አይመለከትም» አሉኝ። ልጄ ሥራውን ልተወው እያለች ነው። ማንን ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የልጅሽን ነገር። ሥራዋን እንዳትተው። በፍርሃት እንጀራዋን ከተወች የተነጠቀችው ከስልክ የበለጠ ነው። መፍትሔው እስኪመጣ ምን እንደምታደርጉ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

የተንከራተትሽበትን መንገድ አውቀዋለሁ። በጣም የሚያንገበግበው፣ ከላኩሽ ሰዎች ማናቸውም ውሸት አልነገሩሽም። እውነት ነው፣ ፖሊስ አምፖል አይተክልም። እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃይሉን ነው የሚያቀርበው። በአዲስ አበባ የመንገድ መብራት የሚተክለውና የሚጠግነው የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ነው። በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ያለው የመተላለፊያና የደረጃ መብራት ደግሞ የራሳችሁ የነዋሪዎች ማኅበር ጉዳይ ነው። የቆርቆሮ አጥሩ እግረኛ መንገዱን በልቶ ከሆነ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ሰዎች አሉ፤ ደንብ ማስከበርም አለ። ቦዩ ሌላ ባለቤት አለው። ታክሲ ተራውም ሌላ። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ ካየ ሁሉም በየቢሮው ልክ ነው። ማጅራት መቺው የሚቆምባት ሃምሳ ሜትር ግን የማንም ሳትሆን ትቀራለች።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰፈሩን ስሙን ልተወው። የተመደብኩበት ቀጣና ውስጥ አንድ ማዕዘን ነበር፤ እዚያ ማዕዘን ላይ አንዲት እናት ጃንጥላ ዘርግታ ትቀመጥ ነበር። ክረምት ላይ በቆሎ ትጠብሳለች፣ በጋ ላይ ቡና ታፈላለች። ከቀኑ 11 ሰዓት ትመጣና እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ትቆያለች። ለዚያ ማዕዘን የከሰሏ ፍምና አንዲት የባትሪ መብራት ብቻ ነበሩ ብርሃን የሚሰጡት። ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ታውቃለች። የማታውቀው ጎረምሳ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም ዝም አትልም። «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ? ማንን ትጠብቃለህ?» ትለዋለች። ልጁ ያፍርና ይሄዳል።

አንድ ቀን ሕገወጥ ንግድ ነው ተብላ እንድትነሳ ተደረገች። ያስነሷት ሰዎች ሥራቸውን ነው የሠሩት፤ እግረኛ መንገድ ላይ ነበር የተቀመጠችው። ለእኛ ግን ማንም አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እዚያ ማዕዘን ላይ ነጠቃ ጀመረ። ጣቢያ ቁጭ ብዬ መዝገቡን አገላበጥኩ። የሰፈሩን ንድፍ በእጄ ሣልኩና ነጠቃ በተፈጸመበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ምልክቶቹ ሁሉ ጃንጥላዋ ከነበረችበት ሠላሳ እርምጃ አይርቁም። ሰዓቱም ከምሽቱ 1 እስከ 3 ነው፤ እሷ ትቀመጥ የነበረበት ሰዓት። በዚያ ማዕዘን ለዓመታት ተመላልሻለሁ። ሰላሙን የምጠብቀው እኔ ይመስለኝ ነበር።

ያንን ወረቀት ይዤ ወረዳው ሄድኩ። ሰላምና ጸጥታን፣ ደንብ ማስከበርን፣ ያኔ ጥቃቅንና አነስተኛ የሚባለውን ጽሕፈት ቤት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጥናቸው። ማንም አልተቃወመም፤ ግን ማንም ቶሎ አልተንቀሳቀሰም። ሴትየዋ በመጨረሻ ሕጋዊ ቦታ አገኘች። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ያለች፣ ሰው «አርከበ ሱቅ» የሚላት ዓይነት የብረት ቤት ናት። አምስት ወር ፈጀ። በአምስቱ ወር ውስጥ የተነጠቁትን ሰዎች ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። ከመነሳቷ በፊት አንድ ስልክ ተደዋውለን ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ቦታዋ ይዘጋጅ ነበር፤ ከዚያ ትነሳ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ መንገድ እንምጣ።

የተነጠቁት አራቱም ሰዎች ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ሰጥተዋል? ደብዳቤሽ ላይ የለም። ብዙ ሰው «ስልኩ ላይገኝ ምን አደከመኝ» ብሎ ይተወዋል። እባክሽ በራቸውን አንኳኪና ለምኛቸው። ጣቢያው ሰው የሚመድበው የተመዘገበውን አይቶ ነው። ያልተመዘገበ ነጠቃ ለጣቢያው እንዳልተፈጸመ ነው የሚቆጠረው። ሲያመለክቱ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን በትክክል ያስጽፉ። «መንገድ ላይ» አይበቃም። «ከታክሲ ተራው ሲመጡ፣ የቆርቆሮው አጥር የሚታጠፍበት ጋ» ይበሉ። የመዝገብ ቁጥሩንም ይቀበሉ። ነፍሰ ጡሯ ሐኪም አይቷት ከሆነ ወረቀቱን ታያይዝ። ሰውን በኃይል ገፍትሮ መንጠቅ ከተራ ስርቆት ይለያል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 670 ውንብድና በሚለው ሊታይ ይችላል፤ ቅጣቱም ከስርቆት ይከብዳል። «ስልክ ጠፋኝ» ብላ ካስጻፈች ግን ይህ ሁሉ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ አትጠይቂ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ውኃ ይታደላል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ በሞላው አዳራሽ ውስጥ ስለ ጨለማ መንገድ ሲወራ ጨለማው ለማንም አይታየውም። አንቺ የምትጠይቂው አብረው በእግር እንዲሄዱ ነው። ቀጠሮው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ታክሲ ተራው ጋ። የቀጣናችሁ ፖሊስ ይምጣ። ከወረዳው ሰላምና ጸጥታ አንድ ሰው፣ ከደንብ ማስከበር አንድ ሰው። የብሎክ ሰብሳቢው፣ የነዋሪዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የሕንፃው ባለቤት ወይም ተወካዩ። ከተራ አስከባሪዎቹም አንዱ አይቅር፤ እነሱ የሰፈሩን ገቢና ወጪ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ልጅሽም ትኑር። በየቀኑ የምትሄድበት እሷ ናት። እርምጃዋን የምታፈጥነው የት ጋ እንደሆነ ታሳያቸው።

ጥሪው ባንቺ ስም ብቻ ከሚሄድ በእድራችሁ ማኅተም ይሂድ። አንዲት እናት ስትጠይቅ «ነገ ተመለሺ» ይባላል። ብዙ መቶ ቤተሰብ ያለው እድር በደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥር ያገኛል፣ መልስም ይጠበቅበታል። «እድር ለቀብር ነው» የሚሉሽ ይኖራሉ። በዚህች ከተማ በኤች አይ ቪ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን የደገፉ እድሮች አሉ። ሰው ሳይሞት መጠበቅም የእድር ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። የእኛ እድር ጡሩንባ ነፊ ከቀብር ሌላ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይም ሰው ይጠራል። መጀመሪያ ግር ያላቸው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አሁን ቀድመው የሚወጡት እነሱ ናቸው።

ስትሄዱ አንድ ሰው ደብተር ይያዝ። በየቆማችሁበት ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ምን እንደጎደለ፣ ማን እንደሚያሟላው፣ እስከ መቼ። «የሚመለከተው አካል» የሚለውን ቃል አታስጽፊ። የሰው ስምና የሥራ ድርሻ ይጻፍ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ይፈርም፤ ፎቶ ኮፒው ለየአንዳንዳቸው ይድረስ።

መብራቱ የማን እንደሆነ የሚለየው የይዞታው ወሰን ነው። የማኅበራችሁን ካርታ አስወጪና እዩት። ጨለማው ከወሰናችሁ ውስጥ ከሆነ ማንንም አትጠብቁ፤ ማኅበሩ ያስተክል። ገንዘብ የለም ከተባለ የጋራ ቆጣሪው ሂሳብ እንዴት እንደሚሰበሰብ ጠይቂ። ብዙ ቦታ ችግሩ እዚያ ነው። ከወሰናችሁ ውጭ የሕዝብ መንገድ ከሆነ ግን ጥያቄው በወረዳው በኩል ወደ መንገዶች ባለሥልጣን ይሂድ። ይህ ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

ቶሎ ሊደርስላችሁ የሚችለው የሕንፃው ባለቤት ነው። ቆርቆሮው ላይ ወደ መንገዱ የሚያበሩ ሁለት አምፖሎች እንዲሰቅል ጠይቁት። የእሱም ብረትና ሲሚንቶ በዚያው ጨለማ ነው የሚሰረቀው። አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ባለቤት ለምነን በሦስተኛው ቀን ነው ያበራልን። አጥሩ የሚታጠፍበት ጋ ሰው የሚደበቅበት ጥግ ካለ ደግሞ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ይግባ። አምፖል ብቻውን ጥግን አያጠፋም።

አንድ ነገር አደራ። መብራቱ በተተከለ በሳምንቱ ገመዱ ሊቆረጥ ይችላል። በከተማችን የመብራት ገመድም የማንሆል ክዳንም ይሰረቃል። ስለዚህ ማን እንደሚጠብቀው በዚያችው ምሽት ተስማሙ። የሕንፃው ዘበኛ ሊሆን ይችላል፣ መስኮቱ ወደዚያ የሚያይ ነዋሪም ሊሆን ይችላል። የጠፋ አምፖል ሲያይ በማግስቱ የሚደውልለት ሰው ይኑር።

እስከዚያው ልጅሽ ብቻዋን አትግባ። በዚያ ሰዓት ወደ ብሎካችሁ የሚገቡ ሌሎች ሠራተኞች ይኖራሉ። ስልክ ተለዋውጠው ታክሲ ተራው ጋ ተጠባብቀው አብረው ይግቡ። ስልኳን መንገድ ላይ አታውጣ። ቢመጡባት ደግሞ ትስጣቸው፤ ከስልክ ጋር አትታገል። ከዚያ 991 ትደውል። ስትደውል የምትነግራቸው በአቅራቢያዋ ያለውን የሚታወቅ ነገር ይሁን፤ ታክሲ ተራውን፣ የብሎኩን ቁጥር፣ የሱቁን ስም።

በወሩ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ እነዚያኑ ሰዎች ይዘሽ እንደገና ሂጂ። ደብተሩንም ያዢው። ሰው ቃሉን ሲያጥፍ የሚያፍረው በስሙ ሲጠራ ነው። ውጤቱን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ኢንስፔክተር፣ እንደ እናቴ ነው የማይዎት። ዕድሜዬ 22 ነው፤ አዲስ ከተማ ነው ያደግኩት። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ የሴት ቦርሳ መንጭቆ ሲሮጥ የሰፈራችን ልጆች ያዙት። በቀበቶ፣ በድንጋይ መደብደብ ጀመሩ። ቢበዛ 14 ዓመቱ ነው። ላዩ ላይ ተኝቼ አስጣልኩትና ፖሊስ ጠራሁ። አሁን ጓደኞቼ «የሌባ ጠበቃ» ይሉኛል። «ነገ ይለቁታል፣ ተመልሶ ይመጣል» ይላሉ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ አልተሳሳትክም። እናትህ እጅህን ትሳምልህ።

ለጓደኞችህ ሕጉን ንገራቸው። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንም ዜጋ መያዝ ይችላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 ይህን ይፈቅዳል። ሳይዘገዩ ለፖሊስ ማስረከብ ደግሞ ግዴታ ነው። መደብደብ ግን የትም አልተፈቀደም። ያ ልጅ ቢሞት ኖሮ ዛሬ ጓደኞችህ የሚፈለጉት በሰው መግደል ነበር። ቦርሳዋ የተመለሰላት ሴትም ምስክር ሆና ትጠራ ነበር።

እኔ ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ሰው አለ። የቀን ሠራተኛ ነበር። አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲሮጥ ከኋላው «ሌባ! ሌባ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሌባው ሌላ ሰው ነበር። ሕዝቡ ግን የሚሮጥ ሰው ሲያይ እሱን ያዘ። ስደርስ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ኪሱ ውስጥ የተገኘው የቀን አበሉና በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ ብቻ ነው። የደበደቡት ሰዎች አንድ በአንድ ሲበታተኑ አየኋቸው። ይቅርታ የጠየቀው አንድም ሰው የለም።

ቀደም ባለው ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ራሱን ስቶ ይሮጣል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚያ ንብረቱን አጣ። አውጫጭኝም ነበር። የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ቤቱ አይገባም። አውጫጭኝ ውስጥ ቢያንስ ሰው ይጠየቅ ነበር፣ ይመልስም ነበር። በድንጋይ የተከበበ ልጅ ግን ማን ይጠይቀዋል?

«ነገ ይለቁታል» የሚለው እኔንም ሥራ ላይ ሳለሁ ያቃጥለኝ ነበር። ግን ለምን እንደሚለቀቅ እወቅ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ዳኛው ማስረጃ ይጠይቃል። ያን ቀን ሲደበድቡ ከነበሩት ሃያ ሰዎች ጣቢያ ሄዶ «አይቻለሁ» ብሎ የሚፈርመው ማን ነው? ብዙ መዝገብ የሚዘጋው በምስክር እጦት ነው። ጓደኞችህ ወንጀልን ከጠሉ ዱላውን ይጣሉና ቃላቸውን ይስጡ። ለከባድ ወንጀሎች ደግሞ የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። የሚያስፈራ ነገር ካለ መርማሪውን ስለሱ ጠይቁት።

የልጁ ዕድሜም ትልቅ ነገር ነው። በወንጀል ሕጋችን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ የሚዳኘው ለብቻው በተዘጋጀ መንገድ ነው። ከአዋቂ እስረኛ ጋር አይቀላቀልም። እዚህ ላይ ፖሊስ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ልጁ ጎዳና ላይ የሚያድር ከሆነ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ሰዎች መግባት አለባቸው። ቤተሰብ ካለው ቤተሰቡ ይፈለግ። ትምህርት ቤት አቋርጦ ከሆነ የሚመለስበት መንገድ ይታይ። እነዚህ ሰዎች ተደዋውለው ሳይነጋገሩ ልጁ ከተለቀቀ፣ ጓደኞችህ እንዳሉት ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ልክ ናቸው። ስለዚህ ጣቢያ ሂድና የሕፃናት ጉዳይ የሚይዘውን ክፍል ጠይቅ። «ያን ዕለት የያዝነው ልጅ የት ደረሰ? ማኅበራዊ ጉዳይ ያውቃል?» በላቸው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የሰፈር ልጅ ብዙ አላየሁም። ያየኋቸው ጥቂቶች ግን ነገር ቀይረዋል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። የሰፈር ጥበቃ እየተባለ በየወሩ ገንዘብ ይሰበሰብብናል። ደረሰኝ የለም። ጠባቂዎቹን ማን እንደቀጠራቸው አላውቅም። አንዱን ማታ ተኝቶ አግኝቼዋለሁ። ልክፈል ወይስ ልተው?

መልስ፦ አባቴ፣ አይተዉ፤ ግን ዝም ብለውም አይክፈሉ። የሰፈር ጥበቃ ጥሩ ነገር ነው። ጥሩ የሚሆነው ግን ማን እንደቀጠረ፣ ማን እንደሚቆጣጠር ሲታወቅ ነው። ገንዘቡን በጋራ የተስማማችሁበት ቃለ ጉባኤ እንዳለ ይጠይቁ። ደረሰኝ ሳይሰጥ የሚሰበስብ ሰው ሲመጣ «ደረሰኝህን ይዘህ ና» ይበሉት፤ ይህ መብትዎ ነው።

ጠባቂዎቹን በተመለከተ ሦስት ነገር ይታይ። ተያዥ አላቸው? ከወንጀል ነፃ የሚል የአሻራ ማስረጃ አቅርበዋል? የቀጣናው ፖሊስ በስምና በመልክ ያውቃቸዋል? ፖሊስ የማያውቀው ዘበኛ ፊሽካ ቢነፋ ማን ይደርስለታል? የተኛውንም ሰው ከመክሰስዎ በፊት ስንት ሌሊት በተከታታይ እንደሚያድር ይጠይቁልኝ። አንድ ሰው ቀን የጉልበት ሥራ ውሎ ሠላሳ ሌሊት ቢጠብቅ እንቅልፍ ይጥለዋል። ፈረቃ ያስፈልጋል። ካፖርትና ባትሪ ያስፈልጋል። ከዝናብ የሚጠለልበትም እንዲሁ። መክፈል የማይችሉ ቤቶች ካሉ ደግሞ እድራችሁ ዘርዝሮ ነፃ ያድርጋቸው። እርስዎም ጡረታዎ የማይበቃ ከሆነ አይፈሩ፣ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ትንሽ የስልክ ጥገና ሱቅ አለችኝ። አንዳንድ ልጆች ጥሩ ጥሩ ስልክ በርካሽ ያመጡልኛል። ካርቶንም ደረሰኝም የላቸውም። ጎረቤቴ ይገዛል። እኔ ብገዛ ምን ይመጣብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትግዛ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ የሚገዛ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ይጠየቃል። ዋጋው ከገበያው በጣም ሲያንስ «አላወቅኩም» ማለት ይከብድሃል። ከላይ የጻፈችልኝ እናት ሰፈር ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴት የተገፈተረችው ልጁ የሚሸጥለት ሱቅ ስላለ ነው።

ያገለገለ ስልክ መግዛት ካለብህ ደብተር ክፈት። የሻጩን መታወቂያ ቁጥር ጻፍ፣ አስፈርመው። የስልኩን መለያ ቁጥር መዝግብ፤ ኮከብ፣ ካሬ፣ 06፣ ካሬ ስትጫን 15 አሃዝ ይወጣል። እንዲህ ስትል የሰረቀው ልጅ ራሱ ስልኩን ይዞ ይወጣል። ደንበኞችህንም ይህንኑ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ቤታቸው እንዲያስቀምጡ ንገራቸው። ስልካቸው ሲነጠቅ ጣቢያ ይዘውት የሚሄዱት እሱን ነው። ከጎረቤትህ ጋርም ተነጋገር፤ በክስ አትጀምር፣ ቡና ጋብዘውና ይህን ገጽ አሳየው። እምቢ ካለህ ግን የቀጣናችሁን ፖሊስ አነጋግር።